በግቢያችሁ ሠራተኛ ቢጎዳ ማን ይጠየቃል?

ቤት እያሠራችሁ ነው? ወይስ ጣሪያ ልታስቀይሩ፣ አጥር ልታስገነቡ፣ የመጸዳጃ ጉድጓድ ልታስቆፍሩ አስባችኋል? እንግዲያው የሲሚንቶና የብረት ዋጋ ከመጠየቃችሁ በፊት ይህችን ጽሑፍ እስከ መጨረሻዋ አንብቧት። ስለ ቤት ሥራ ስንነጋገር ሁላችንም የማንጠይቀው አንድ ጥያቄ አለ። ጠዋት በሰላም የገባው ሠራተኛ ከሰዓት በኋላ ከመወጣጫው ላይ ቢወድቅ፣ የሆስፒታሉን ማን ይከፍላል? እግዚአብሔር አያድርገውና ቢሞትስ፣ ባለቤቱንና ልጆቹን ማን ያሳድጋል?

ከሳሪስ ተነሥታችሁ በአቦ ማዞሪያ አድርጋችሁ ወደ ቃሊቲ ስትወርዱ፣ ከዋናው መንገድ ወደ ውስጥ ገባ ብትሉ፣ በመሠራት ላይ ያለ ቤት የሌለበት መንደር ማግኘት ያስቸግራል። አንዱ ሰርቪስ ቤት ይጨምራል፣ ሌላው የጭቃውን ቤት አፍርሶ በብሎኬት ይሠራል፣ ሌላው ደግሞ በዕቁብ ገንዘብ አንድ ፎቅ ይደርባል። እንዲህ ያለው ሥራ በአብዛኛው የሚሠራው በትልልቅ ድርጅቶች አይደለም። አንድ ግንበኛ በእጅ ዋጋ ይያዛል፤ እርሱም ሁለት ሦስት የቀን ሠራተኞች ይዞ ይመጣል። ሠራተኞቹ ብዙ ጊዜ ከገጠር የመጡ ወጣቶች ናቸው። ውል የለ፣ የራስ ቁር የለ፣ መወጣጫው ከአጠና በሚስማር የተመታ ነው። ባለቤቱ ደግሞ ጠዋት ሻይና ዳቦ አቅርቦ፣ ማታ የቀን ሒሳብ ከፍሎ ግዴታውን የጨረሰ ይመስለዋል።

አልጨረሰም! ይህ ነገር ለእኛ ለመጽሐፍ ቅዱስ አንባቢዎች አዲስ ሊሆን አይገባውም ነበር። በዘዳግም 22፥8 አዲስ ቤት የሚሠራ እስራኤላዊ በጣሪያው ዙሪያ መከታ እንዲያበጅ ታዝዟል፤ ሰው ከዚያ ቢወድቅ ደሙ የሚጠየቀው ከዚያው ቤት ነውና። በዘጸአት 21፥33-34 ደግሞ ጉድጓድ ቆፍሮ ክፍቱን የተወ ሰው የሌላው በሬ ወይም አህያ ቢገባበት ዋጋውን እንዲከፍል ተደንግጓል። ልብ በሉ፤ በመጀመሪያው ትእዛዝ የተጠየቀው አናጢው አይደለም፣ የቤቱ ባለቤት ነው። ትእዛዙም የተሰጠው ሰው ከወደቀ በኋላ ሳይሆን ቤቱ ሲሠራ ነው። የአገራችን ሕግም ከዚህ እምብዛም የራቀ አይደለም።

እንግዲህ ወደ ሕጉ እንምጣ። ሁለት ሕጎችን ማወቅ ያስፈልጋችኋል። አንደኛው በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። ሁለተኛው በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156 ነው፤ ይህ አዋጅ የ1996ቱን አዋጅ ቁጥር 377 የተካ ነው። በግቢያችሁ የተጎዳው ሰው በየትኛው ሕግ ይዳኛል የሚለው የሚወሰነው በእናንተና በእርሱ መካከል በነበረው ግንኙነት ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ስለሆነ ቀስ ብለን እንየው።

ሠራተኞቹን እናንተው ራሳችሁ ቀጥራችሁ፣ እናንተው እያዘዛችሁ፣ የቀን ሒሳባቸውን እናንተው የምትከፍሉ ከሆነ፣ በሕግ ዓይን አሠሪ ናችሁ። «እኔ ድርጅት የለኝም፣ ነጋዴ አይደለሁም» ማለት ብቻውን አያድንም፤ በአዋጁ ትርጉም አንድ ሰው እንኳ የሚቀጥር ሁሉ አሠሪ ነውና። የሥራ ውል በቃልም ይመሠረታል፤ የተፈረመ ወረቀት ስለሌለ ውል የለም ማለት አይደለም። አዋጁ በአንቀጽ 96 ከባድ ነገር ይናገራል፦ አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም እንኳ በሥራ ላይ ለሚደርስ ጉዳት ኃላፊ ነው። ሠራተኛው «አሠሪዬ ይህን አጥፍቷል» ብሎ ማስረዳት አይጠበቅበትም። ጉዳቱ የደረሰው በሥራው ላይ ወይም ከሥራው ጋር በተያያዘ መሆኑን ማሳየት ይበቃዋል። አሠሪው ከኃላፊነት የሚወጣው ሠራተኛው ሆን ብሎ ራሱን የጎዳ እንደሆነ ነው፤ ለምሳሌ በግልጽ የተሰጠውን የደኅንነት መመሪያ ጥሶ ወይም ሰክሮ ሥራ ገብቶ ከሆነ። እዚህ ላይ አንድ ነገር አስተውሉ። መመሪያ ሳትሰጡ «መመሪያ ጥሷል» ማለት አይቻልም።

ታዲያ ይህ ኃላፊነት በብር ሲተመን ምን ያህል ነው? ቁጥር ሲቀመጥ ነገሩ ይገባልና በምሳሌ እንየው። አንድ የቀን ሠራተኛ በቀን 500 ብር፣ በወር 26 ቀን ይሠራል እንበል። የወር ደመወዙ 13,000 ብር፣ የዓመቱ 156,000 ብር ይሆናል። ይህ ሰው እግሩ ተሰብሮ ለአንድ ዓመት ሥራ ቢያቆም፣ ከሕክምናው ወጪ ሌላ፣ በአዋጁ መሠረት የመጀመሪያዎቹን ሦስት ወራት ሙሉ ደመወዙን፣ ቀጣዮቹን ሦስት ወራት ከ75 በመቶ ያላነሰ፣ የቀሩትን ስድስት ወራት ከ50 በመቶ ያላነሰ ያገኛል። ስትደምሩት 39,000፣ 29,250 እና 39,000፣ በጠቅላላው 107,250 ብር ነው። ጉዳቱ ቋሚ ሆኖ ሠራተኛው ዳግመኛ ምንም መሥራት የማይችል ከሆነ ደግሞ በጡረታ ወይም በመድን ያልተሸፈነ ሠራተኛ የአምስት ዓመት ደመወዙን ያገኛል፤ በምሳሌያችን 780,000 ብር። ሐኪሞች የጉዳቱን መጠን 40 በመቶ ነው ካሉ 312,000 ብር ይሆናል ማለት ነው። ቢሞት በአምስት ዓመት ደመወዙ ልክ ለጥገኞቹ ይከፈላል፤ ግማሹ ለሚስቱ፣ ከ18 ዓመት በታች ለሆነ ለእያንዳንዱ ልጅ 10 በመቶ፣ በእርሱ ይረዱ ለነበሩ ወላጆቹም ለእያንዳንዳቸው 10 በመቶ።

አንድ ሰርቪስ ቤት ለመጨረስ በዕቁብ ብር የሚጠባበቅ ቤተሰብ ይህን ከየት ያመጣዋል? ቤቱን ሸጦ? ከወዲያኛው ወገን ደግሞ፣ የደጋፊውን ጉልበት ያጣች አንዲት እናት በየትኛው ጎዳና ትቁም?

ሁለተኛው መንገድ ሥራውን በቁርጥ ለሥራ ተቋራጭ መስጠት ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ በቁጥር 2610 የሚናገረው የሥራ ውል ተቋራጩ በራሱ ኃላፊነት አንድን ሥራ ሠርቶ ለማስረከብ የሚገባበት ውል ነው። አዋጁም ቢሆን ሰው በራሱ የንግድ ሥራ ወይም የሙያ ኃላፊነት ዋጋ ተቀብሎ የሚሠራውን ሥራ ከሥራ ቅጥር ውጭ ያደርገዋል። ስለዚህ ፈቃድ ያለው ተቋራጭ የራሱን መሣሪያ ይዞ፣ የራሱን ሰዎች ቀጥሮ፣ ደመወዛቸውን ራሱ እየከፈለ የሚሠራ ከሆነ፣ የሠራተኞቹ አሠሪ እርሱ ነው። በቁጥር 2134 መሠረትም ከእናንተ ትእዛዝ ውጭ ሆኖ በነጻነቱ የሚሠራ ሰው ለሚያጠፋው ጥፋት እናንተ አትጠየቁም።

ነገር ግን ወገኖች፣ «በቁርጥ ሰጥቼዋለሁ» የሚለው ቃል ብቻውን ጋሻ አይሆንም። በሳሪስ አቦም ሆነ በሌላው የአዲስ አበባ ሰፈር «ኮንትራክተር» የምንለው ሰው ብዙ ጊዜ ፈቃድ የሌለው ጎበዝ ግንበኛ ነው። ሲሚንቶውን እናንተ ትገዛላችሁ፣ አጠናውን እናንተ ታመጣላችሁ፣ «ዛሬ ይህን ግድግዳ አቁሙ» የምትሉት እናንተ ናችሁ፣ ቅዳሜ የሁሉንም ሒሳብ ቆጥራችሁ የምትሰጡትም እናንተው ናችሁ። ክርክር ሲመጣ የሚታየው ስሙ ሳይሆን እንዲህ ያለው እውነታ ነው፦ ማን ያዝዝ ነበር? ማን ይከፍል ነበር? መሣሪያው የማን ነበር? ግንበኛው አሠሪ ነው ተብሎ ቢፈረድበት እንኳ ከአንድ ማንኪያና ከአንድ ቱምቢ በቀር ንብረት የለውም፤ ስለዚህ የተጎጂው ጠበቃ ዓይኑን ወደ ባለ ቤቱ መጣሉ አይቀርም።

ሊጥልም የሚችልበት በር አለው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ከውል ውጭ ስለሚደርስ ኃላፊነት በሚናገርበት ክፍል፣ ቁጥር 2028 በጥፋቱ ሌላውን የጎዳ ሁሉ እንዲክስ ያዛል። የበሰበሰ መሰላል አውጥታችሁ ሰጥታችሁ ከሆነ፣ ግንበኛው «ይህ ድጋፍ አይችልም» ሲላችሁ «ግድ የለም፣ ጨርሰው» ብላችሁ ከሆነ፣ ይህ የእናንተ ጥፋት ነው። ቁጥር 2077 ደግሞ ከዚህም ይጠብቃል። የሕንፃ ባለቤት ሕንፃው ለሚያደርሰው ጉዳት፣ ጉዳቱ አስቀድሞ ሊታሰብ የማይችል ቢሆን እንኳ፣ ኃላፊ ያደርገዋል። ግድግዳው ተንዶ ሠራተኛውን ቢመታው፣ ወይም አጥሩ ወድቆ በመንገድ የሚያልፈውን የጎረቤት ልጅ ቢጎዳው፣ መጀመሪያ የሚጠየቀው ባለ ቤቱ ነው። ከከፈለ በኋላ ጥፋተኛውን ግንበኛ ሊጠይቅ ይችላል፤ የሚከፍለው ካገኘ። የተጎጂው ጥፋት ለጉዳቱ ምክንያት ከሆነ ግን ካሳው በዚያው መጠን ይቀንሳል።

በዚሁ ሕግ የኅሊና ጉዳት ካሳ ከ1,000 ብር እንዳይበልጥ ተገድቧል። በ1952 ዓ.ም. 1,000 ብር ብዙ ገንዘብ ነበር፤ ዛሬ ግን ለአንዲት መበለት የሐዘን ማጽናኛ ነው ብሎ መስጠት ያሳፍራል። ሆኖም ይህ ገደብ ለኅሊና ጉዳት ብቻ ነው። ለሕክምና፣ ለታጣ ገቢና ለጥገኞች መተዳደሪያ ሕጉ እንዲህ ያለ ጣሪያ አላስቀመጠም። በመሆኑም በፍትሐ ብሔር የሚፈረደው ካሳ ከአምስት ዓመት ደመወዝ ሊበልጥም ይችላል።

ሦስተኛው ጉዳይ የቤት ሠራተኛ፣ የጥበቃና የአትክልተኛ ጉዳይ ነው። አዋጁ እነዚህን «የግል አገልግሎት» ብሎ ለብቻቸው አስቀምጧቸዋል፤ ለትርፍ ሳይሆን ለቀጣሪውና ለቤተሰቡ የሚሰጥ የጽዳት፣ የጥበቃ፣ የአትክልትና የሹፌርነት ሥራ ነው። የእነርሱን የሥራ ሁኔታ የሚኒስትሮች ምክር ቤት በደንብ እንዲወስን አዋጁ ያዛል። ይህ ማለት ግን የቤት ሠራተኛዋ ሕግ የላትም ማለት አይደለም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አሠሪው የሠራተኛውን ሕይወትና ጤና ለመጠበቅ የሚያስፈልገውን ጥንቃቄ እንዲያደርግ ያዛል፤ በቤቱ ለሚኖር ሠራተኛም ስለ መኖሪያውና ስለ ጤናው ተጨማሪ ግዴታ ይጥልበታል። እንጀራ ስትጋግር ለተቃጠለች ልጅ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ መስኮት ስትወለውል ለወደቀች ልጅ «ቤተሰቤ ናት» የሚለው ቃል እዚያ ላይ ይፈተናል። ቤተሰብ ከሆነች እንደ ቤተሰብ ትታከም። ወደ አገሯ በአውቶቡስ መላክ ሕክምና አይደለም።

በዚህ ላይ ስለ ዕድሜም አንድ ነገር እንጨምር። የ2011ዱ አዋጅ ከ15 ዓመት በታች ያለን ልጅ መቅጠር ይከለክላል፤ ከ15 እስከ 18 ዓመት ያሉትንም ለሕይወትና ለጤና አደገኛ በሆነ ሥራ ማሰማራት አይፈቅድም። በማለዳ መንገድ ዳር ሥራ ከሚጠብቁት መካከል ፊታቸው የልጅ የሆኑ አሉ። «አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው» ቢላችሁም፣ ጢም ያላወጣ ልጅ አጠና ላይ አውጥታችሁ ብሎኬት አታስቀብሉት።

ሰው ከሞተ ወይም ክፉኛ ከተጎዳ ጉዳዩ በካሳ ብቻ ላያበቃ ይችላል። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 543 በቸልተኝነት ሰው መግደልን፣ አንቀጽ 559 በቸልተኝነት አካል ማጉደልን ያስቀጣሉ። ፖሊስ ሊመጣ፣ ሥራው ሊቆም፣ ባለ ቤቱ ወይም ግንበኛው ሊያዝ ይችላል። ካሳ ከፍሎ መታረቅ ቅጣትን ሊያቀልል ይችላል እንጂ የወንጀሉን ክስ በራሱ አያስቀረውም።

እስቲ አሁን ስለ መድን እንነጋገር። በመካከላችን «መድን መግባት እምነት ማነስ ነው» የሚሉ ወገኖች እንዳሉ እናውቃለን። እነዚሁ ወገኖች ግን የዕድር መዋጮአቸውን በየወሩ ሳያጓድሉ ይከፍላሉ። ዕድር ምንድን ነው? ሐዘን ሳይመጣ ተዋጥቶ የሚቀመጥ ገንዘብ አይደለምን? ልዩነቱ ይህ ነው፤ ዕድራችሁ የሚሸፍነው እናንተን ነው። ከገጠር የመጣው የቀን ሠራተኛ የዕድራችሁ አባል አይደለም። ሲሞት ድንኳን የሚተክልለት የለም፤ አስከሬኑን ወደ አገሩ ለመላክ የአገሩ ልጆች በየቦታው ዞረው ብር የሚለምኑለት ሰው ነው።

ለመኪና ከሆነ ሁላችንም ለምደነዋል። በአዋጅ ቁጥር 799/2005 መሠረት የሦስተኛ ወገን መድን የሌለው መኪና መንገድ ላይ መውጣት አይችልም። ቤት ለሚያሠራ ግለሰብ ግን እንዲህ በየመስታወቱ የሚለጠፍ ነገር የለም። ስለዚህ ጠይቆ መግዛቱ የእናንተ ፋንታ ነው። በ1968 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢትዮጵያ መድን ድርጅትም ሆነ በ1986 ዓ.ም. ዘርፉ ለግል ባለ ሀብት ከተከፈተ በኋላ የተቋቋሙት ኩባንያዎች ለዚህ የሚሆኑ ውሎችን ይሸጣሉ። ችግሩ የተሳሳተውን መግዛት ነው፤ ብዙዎች የሚወድቁበትም እዚህ ነው።

ከባንክ ተበድራችሁ ከሆነ ባንኩ የእሳት አደጋ መድን አስገብቷችሁ ይሆናል። ይህ ውል ቤቱን እንጂ ሰውን አይሸፍንም፤ ቤቱ ቢቃጠል የባንኩን ገንዘብ ለመመለስ የተገባ ነው። ሌላው የሥራ ተቋራጮች ሁሉን አቀፍ መድን የሚባለው ነው። «ሁሉን አቀፍ» የሚለው ስሙ ያታልላል። የመጀመሪያው ክፍሉ በመሠራት ላይ ላለው ግንባታና ለዕቃው የሚከፍል ሲሆን፣ ሁለተኛው ክፍሉ ለሦስተኛ ወገን ነው፤ ማለትም ለመንገደኛው፣ ለጎረቤቱ። በሥራው ላይ የተሰማሩት የመድን ገቢው ሠራተኞች በአብዛኛው ከዚህ ክፍል ውጭ ናቸው። የሕዝብ ኃላፊነት መድን የሚባለውም እንዲሁ ነው። ስለዚህ እነዚህን ገዝቶ «ሠራተኞቼ ተሸፍነዋል» ብሎ የሚተኛ ሰው ተሳስቷል።

ሠራተኛውን የሚሸፍነው የሠራተኞች የጉዳት ካሳ መድን ነው። አሠሪው በአሠሪና ሠራተኛ ሕግ የሚከፍለውን ካሳና ሕክምና መድን ሰጪው ይተካል። አረቦኑ የሚሰላው በሠራተኞቹ ቁጥር፣ በሥራው ዓይነትና በሚከፈላቸው ደመወዝ ነው። ሦስት ሠራተኞች አስመዝግባችሁ ስምንት ካሠራችሁ፣ ወይም 500 ብር እየከፈላችሁ 200 ብር ብላችሁ ከጻፋችሁ፣ ጉዳት የደረሰ ዕለት የምትሰሙት መልስ ደስ አያሰኛችሁም። የቀን ሠራተኞች በየሳምንቱ ስለሚለዋወጡ በስም ሳይሆን በቁጥር መመዝገብ ይቻል እንደሆነ ጠይቁ። ሌላው አማራጭ የቡድን የግል አደጋ መድን ነው። ይህኛው ማን አጠፋ ሳይል ለሞት፣ ለአካል ጉዳትና ለሕክምና በውሉ የተወሰነውን ገንዘብ ይከፍላል፤ ነገር ግን የተወሰነው ገንዘብ በሕግ ከሚፈረድባችሁ ካነሰ ልዩነቱ የእናንተ ዕዳ ነው። ጥቂት ወራት ለሚፈጅ ሥራ ለአጭር ጊዜ የሚሆን ውል ይኖር እንደሆነም ጠይቁ።

ሥራውን ለተቋራጭ የምትሰጡ ከሆነ የታደሰ ፈቃዱንና የሠራተኞች ጉዳት መድን ውሉን ቅጂ ሳታዩ ቅድሚያ ክፍያ አትስጡ። የውሉን የመጀመሪያና የመጨረሻ ቀን አንብቡ፤ ሥራው ሳያልቅ የሚያልቅ መድን አጋጥሞ ያውቃል። በውላችሁም ላይ ለሠራተኞቹ ደኅንነትና ካሳ ኃላፊው እርሱ መሆኑን ጻፉ። አንዳንዶች ደግሞ የቀን ሠራተኛውን «ጉዳት ቢደርስብኝ አልጠይቅም» ብለው ያስፈርሙታል። ይህ ወረቀት ከሕጉ በታች ስለሆነ በሥራ ቅጥር ላይ ዋጋ የለውም፤ ሰውን ማስፈረሙም ደግ ሥራ አይደለም።

በውጭ አገር ሆናችሁ በዘመድ በኩል ቤት የምታሠሩ ወገኖች፣ ለእናንተም አንድ ቃል አለን። በአሜሪካ የቤት መድን ሲገዛ የኃላፊነት ሽፋን አብሮት መምጣቱ የተለመደ ነው፤ በካሊፎርኒያ ግዛትማ የግል ኃላፊነት ሽፋን ያለው የቤት መድን ለቤት ሠራተኞች ጉዳት ካሳ እንዲጨምር ሕጉ ያስገድዳል። ይህን የለመደ ሰው ሳሪስ አቦ ያለውም ቤት የተሸፈነ ይመስለዋል። በፖሊሲያችሁ ላይ ባልተመዘገበ ሌላ ቤት ለሚነሣ ጉዳት ግን እንዲህ ያለው መድን በተለምዶ አይከፍልም። ወንድማችሁን በውክልና ሾማችሁ ከሆነም እርሱ የቀጠረው የተቀጠረው በእናንተ ስም ነው። ለብረትና ለሲሚንቶ የምትልኩትን ብር ስታሰሉ የመድኑን አረቦን ጨምራችሁ አስሉ።

የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎችና የሕንፃ ኮሚቴ አባላትም ይህ ይመለከታችኋል። አዳራሽ ሲሠራ ወጣቶች ቅዳሜ ቅዳሜ በነጻ ብሎኬት ያቀብላሉ፣ ቀለም ይቀባሉ። መልካም ነው፤ ግን የበጎ ፈቃድ አገልጋይ ደመወዝ ስለማይቀበል የሠራተኞች ጉዳት መድን ላይሸፍነው ይችላል። የሕንፃው ባለቤት ኃላፊነት ግን ለቤተ ክርስቲያንም ያው ነው። ለእነዚህ ወጣቶች የቡድን የግል አደጋ መድን ይገባል፤ ካልሆነም ከፍታ ላይ የሚሠራውን ለባለ ሙያ ትታችሁ እነርሱን መሬት ላይ አሠሯቸው።

መድኑ የሚከፍለው ግን ሰው ከወደቀ በኋላ ነው። እንዳይወድቅ ማድረጉ ይበልጣል፤ ወጪውም ያን ያህል አይደለም። በአቃቂ ቃሊቲ ብዙ ቦታ መሬቱ ጥቁር አፈር ነው። ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ሲረጥብ ያብጣል፣ በክረምት የተቆፈረ ጉድጓድ ግድግዳው ሳይታሰብ ይደረመሳል። ጥልቀቱ ከአንድ ሜትር ተኩል ካለፈ በእንጨት ሳይደገፍ ሰው አታስገቡ፤ የተቆፈረውንም አፈር ከጉድጓዱ አፍ አርቁት፤ ማታ ማታም ክደኑት። ያገለገለ የመጸዳጃ ጉድጓድ ውስጥ ለማጽዳት ሰው አይውረድ። እዚያ ያለው መርዛማ አየር አይታይም፤ አንዱ ሲወድቅ ሊያወጣው የገባው ሁለተኛው አብሮት ይቀራል። የፍሳሽ መኪና ጥሩ። በግቢያችሁ አጠገብ የኤሌክትሪክ መስመር ካለፈ ፌሮ ብረትና ቆርቆሮ ወደ ላይ ከመነሣቱ በፊት ወደ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ሄዳችሁ አመልክቱ። የመወጣጫውን አጠና ራሳችሁ እዩት፤ የተሰነጠቀውን ለማገዶ ስጡት። የራስ ቁርና የደኅንነት ቀበቶ ግዙ፤ ሥራው ሲያልቅ ለሌላ ወንድም ታውሱታላችሁ።

ጉዳት ከደረሰስ? መጀመሪያ ሰውየውን አድኑ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907፣ የአዲስ አበባ እሳትና ድንገተኛ አደጋ በ939 ይገኛሉ። ለአካባቢው ጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታል ቅርብ ነው። ከከፍታ የወደቀን ሰው ጀርባውንና አንገቱን ሳትጠብቁ በታክሲ ወንበር ላይ አጣጥፋችሁ አትውሰዱት። ሆስፒታል ማድረስና ለሕክምና መክፈል ጥፋትን ማመን አይደለም፤ አዋጁም አሠሪውን የመጀመሪያ እርዳታ እንዲሰጥና ወደ ሕክምና እንዲያደርስ ያዘዋል። በዚያው ዕለት ለመድን ሰጪያችሁ አሳውቁ። የካሳ መጠን ተስማምታችሁ ከመፈረማችሁ በፊትም አነጋግሩት፤ ሳያውቅ ለተፈረመው አልከፍልም ሊል ይችላልና።

በሽማግሌ መጨረስ ከተፈለገ፣ መልካም ነው፤ ሕጉም የዕርቅ ውልን ያከብራል። ግን በጽሑፍ ይሁን፣ ምስክሮችም ይፈርሙበት። ሰውየው ከሞተ ገንዘቡን ለመቀበል በመጀመሪያ የሚደርሰው አዲስ አበባ ያለው ወንድም ወይም ያጎት ልጅ ነው፤ በሕግ የሚገባት ግን አገር ቤት ያለችው ሚስትና ልጆቿ ናቸው። እነርሱ ሳይቀርቡ ወይም በሕጋዊ ወኪል ሳይወከሉ የተከፈለ ገንዘብ ነገ ዳግመኛ ሊጠየቅ ይችላል። የልጆቹን ድርሻ በፍርድ ቤት አጽድቁት። ደረሰኞችን፣ የሐኪም ማስረጃዎችንና የደመወዝ መክፈያ ዝርዝሮችን ሁሉ አስቀምጡ፤ ከውል ውጭ ለደረሰ ጉዳት ክስ የሚቀርበው ጉዳቱ ከደረሰ ጀምሮ እስከ ሁለት ዓመት ሲሆን፣ በአሠሪና ሠራተኛ ሕግ የይርጋው ጊዜ በመርህ አንድ ዓመት ነው። ጉዳዩ በወንጀልም የሚያስጠይቅ ከሆነና የወንጀሉ ይርጋ የሚረዝም ከሆነ የፍትሐ ብሔሩም አብሮት ይረዝማል።